የፋብሪካ ገመድ አልባ ኔትወርክ ደህንነት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ፋብሪካ፣ ወደብና ማዕድን ማውጫ ውስጥ ስለሚሠሩ የገመድ አልባ መሣሪያዎች ደህንነት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የፋብሪካ አክሰስ ፖይንት ከቤታችን ዋይፋይ በምን ይለያል?

አክሰስ ፖይንት ማለት ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሣጥን ነው። የፋብሪካው የሚለየው በሚሸከመው ሥራ ነው። በእሱ በኩል የወደብ ክሬን ይታዘዛል፤ መጋዘን ውስጥ ሾፌር የሌለው ጋሪ መንገዱን ያገኛል። የቤት ዋይፋይ ሲቋረጥ ቪዲዮ ይቆማል። እዚያ ሲቋረጥ ምርት ይቆማል፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ደግሞ አንዴ ምሰሶ ላይ ከተሰቀለ በኋላ እየሠራ እስካለ ድረስ ለዓመታት ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ሲስኮ መሣሪያ "10 ከ10" የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ምንድን ነው ነገሩ?

የደህንነት ክፍተቶች በአደገኝነታቸው ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣቸዋል። 10 የመጨረሻው ነው። የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ በኅዳር 2024 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ያደረገው ክፍተት ሙሉውን 10 አግኝቷል።

የተገኘው ካታሊስት አይደብሊው 9165ዲ፣ 9165ኢ እና 9167ኢ በሚባሉት ለከባድ ሥራ በተሠሩ አክሰስ ፖይንቶች ላይ ነው። ችግሩ ያለው መሣሪያውን በብሮውዘር በምናስተዳድርበት ገጽ ውስጥ ነው። ገጹ የሚላክለትን ጥያቄ በደንብ አያጣራም። ስለዚህ አንድ ሰርጎ ገብ ፓስወርድ እንኳ ሳያስገባ፣ በተለየ መንገድ የተዘጋጀ የድረ ገጽ ጥያቄ ልኮ የፈለገውን ትዕዛዝ በሩት ሥልጣን ማስፈጸም ይችላል። ከሩት በላይ ሥልጣን የለም። መሣሪያው የእሱ ሆነ ማለት ነው።

ሁሉም መሣሪያ ተጋላጭ አይደለም። አደጋው ያለው መሣሪያው ዩአርደብሊውቢ በሚባለው የአሠራር ሁነታ ላይ ሲሆን ነው። ይህ ሁነታ ለሚንቀሳቀሱ ነገሮች፣ ለምሳሌ ለባቡርና ለክሬን፣ የማይቆራረጥ ግንኙነት ለመስጠት የተሠራ ነው። የእናንተን ለማወቅ በኮማንድ መስመሩ "ሾው ኤምፒኤልኤስ-ኮንፊግ" የሚለውን ትዕዛዝ ስጡት። ትዕዛዙን ካወቀው ሁነታው በርቷል፤ ካላወቀው አይመለከታችሁም። መፍትሔው የመሣሪያውን ሶፍትዌር ወደ 17.15.1 ማሳደግ ነው። 17.14 ወይም ከዚያ በፊት የነበረ ሶፍትዌር ላይ ያለ ሰው ወደ ተስተካከለው መሸጋገር አለበት። ሲስኮ ራሱ ሌላ ማለፊያ መንገድ የለም ብሏል። ክፍተቱን ያገኙት የራሱ ሰዎች በውስጥ ፍተሻ ሲሆን፣ ይፋ በሆነበት ጊዜ ጥቃት ተፈጽሞበታል የሚል መረጃ አልነበረም።

ጥያቄ፦ የእኛ ኔትወርክ ጭራሽ ኢንተርኔት ላይ የለም። ታዲያ ምን ያሰጋናል?

ይህ ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ መጥቷል። ሐሳቡ ትክክል ይመስላል፤ ግን ገመድ አልባ መሆኑን ይረሳል። የራዲዮ ሞገድ አጥር አያውቅም።

በዚያው ኅዳር 2024 ኖዞሚ ኔትወርክስ የተባለው የደህንነት ድርጅት አድቫንቴክ በሚሠራቸው ኢኬአይ-6333ኤሲ አክሰስ ፖይንቶች ላይ 20 ክፍተቶች ማግኘቱን አሳወቀ። ስድስቱ እጅግ አደገኛ ተብለዋል። ከሁሉም ልብ በሉ የምለው ግን በአየር ላይ የሚሠራውን ነው።

መሣሪያው በአካባቢው ያሉ የዋይፋይ ስሞችን የሚያሳይ ገጽ አለው። አጥቂው ከግቢው ውጭ ቆሞ የራሱን የውሸት ዋይፋይ ያሰራጫል። በሚያሰራጨው መረጃ ውስጥ ግን ኮድ ደብቋል። የእናንተ አስተዳዳሪ ያንን ገጽ ሲከፍት መሣሪያው ኮዱን ሳያጣራ እንዳለ ያቀርበዋል፤ ኮዱም በአስተዳዳሪው ብሮውዘር ውስጥ ይሠራል። ይህን ከሌላ ክፍተት ጋር ሲያጣምሩት መሣሪያውን እስከ መቆጣጠር ይደርሳሉ። ኬብል መንካት አያስፈልግም። ፓስወርዳችሁን ማወቅም አያስፈልግም።

አድቫንቴክ ማስተካከያ አውጥቷል። ለ2ጂ እና ለ2ጂዲ ሞዴሎች ፈርምዌር (መሣሪያው ውስጥ ያለው ሶፍትዌር) 1.6.5፣ ለ1ጂፒኦ ደግሞ 1.2.2 ነው። መሣሪያው ካላችሁ ዛሬውኑ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ደብልዩፒኤ3 እና ረጅም ፓስወርድ አይበቃም?

አይበቃም። ደብልዩፒኤ3 የዋይፋይ ምስጠራ ደንብ ነው። እሱም ፓስወርዱም የሚጠብቁት በራዲዮ የሚተላለፈውን መረጃ ነው። ከላይ ያየናቸው ክፍተቶች ያሉት ማስተዳደሪያው ላይ ነው፤ ፓስወርድ ከመጠየቁ በፊት የሚያልፉም አሉ። ተጠቀሙባቸው፣ ግን እዚያ አትቁሙ።

ጥያቄ፦ እስካሁን በእውን የደረሰ ጉዳት አለ ወይስ የተመራማሪዎች ማስፈራሪያ ነው?

አለ። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ፣ ማሩቺ በሚባል አካባቢ፣ የፍሳሽ ፓምፖችን መቆጣጠሪያ በተከለው ድርጅት ይሠራ የነበረ ሰው በራዲዮ መሣሪያና በኮምፒውተር ለፓምፖቹ የሐሰት ትዕዛዝ ላከ። 800,000 ሊትር ያህል ያልታከመ ፍሳሽ ወደ መናፈሻና ወንዝ ፈሰሰ። ሰውየው በ2001 የሁለት ዓመት እስር ተፈረደበት።

ሁለተኛው ቅርብ ነው። የካቲት 24 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት ዕለት ቪያሳት የተባለው ድርጅት የሳተላይት ኢንተርኔት ኔትወርክ ተመታ። አጥቂዎቹ የገቡት በትክክል ባልተዋቀረ ቪፒኤን (ከሩቅ ወደ ኔትወርክ መግቢያ መንገድ) ነው። ከዚያ ወደ ኔትወርኩ ማስተዳደሪያ ክፍል ዘልቀው በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሞደሞች በአንዴ ትዕዛዝ ሰጡ፤ የሞደሞቹ ሜሞሪ ተበላሸ። በጀርመን 5,800 ያህል የንፋስ ኃይል ተርባይኖች ከርቀት መቆጣጠሪያቸው ተቆረጡ። ተርባይኖቹ በራሳቸው መዞር ቀጠሉ፣ ግን ከሩቅ የሚያያቸው አልነበረም።

እነዚያን ሞደሞች አንድ በአንድ መስበር የማይታሰብ ነው። ማስተዳደሪያውን የያዘ ግን ሁሉንም ያዘ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ስለ ማስተዳደሪያው የምነዘንዛችሁ። የግቢው ቁልፎች ሁሉ የተሰቀሉበት ሚስማር እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አለቃዬ "ለአፕዴት ብለን ምርት አናቆምም" ይላል። ምን ላድርግ?

አለቃህ የሚለው ተራ ሰበብ አይደለም፤ መስመር ማቆም ብዙ ገንዘብ ነው። ስለዚህ "አፕዴት እናድርግ" ብለህ ብቻ አትሂድ። ለጥገና መስመሩ የሚቆምበትን ቀን እወቅና ለዚያ ቀን ተዘጋጅ። መጠባበቂያ መሣሪያ ካለ አዲሱን ፈርምዌር መጀመሪያ እሱ ላይ ሞክር። የድሮውን ኮንፊግ (የመሣሪያውን ቅንብር) አስቀምጥ፣ ወደ ኋላ መመለሻ ይኑርህ።

እስከዚያው ማስተዳደሪያ ገጹን ለብቻው ቪላን (ከሌላው የተለየ የኔትወርክ ክፍል) ውስጥ አስገባው። ከአንድ ወይም ከሁለት ከተፈቀደላቸው ኮምፒውተሮች በቀር ማንም እንዳይደርስበት ፋየርዎል ላይ ዝጋ። ይህ ክፍተቱን አይደፍነውም፣ ግን መንገዱን ያጠብበዋል። ብዙውን ጊዜ ምርት ሳይቆም የሚሠራም ነው።

ጥያቄ፦ ስንት አክሰስ ፖይንት እንዳለን እንኳ አናውቅም። የተከለው ድርጅት ሄዷል። ከየት እንጀምር?

እህቴ፣ በእግር ዞሮ ከማየት ጀምሩ። እያንዳንዱን ፎቶ አንሱ፤ ሞዴሉን፣ የፈርምዌር ቁጥሩንና ያለበትን ቦታ በኤክሴል መዝግቡ። የተከለው ድርጅት የተወው ፓስወርድ ካለ ቀይሩ። ድርጅቱ ለርቀት ጥገና ብሎ የከፈተው ቪፒኤን ወይም በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ካለ ፈልጋችሁ አግኙት። ባለቤት ካልተገኘለት ንቀሉት።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ጥቃት ከደረሰብን ለማን እናሳውቅ?

ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ማለትም ለኢንሳ። የሳይበር ጥቃትን የሚከታተለው ኢትዮ-ሰርት በእሱ ሥር ነው። ከመደወላችሁ በፊት ግን የተጠቃውን መሣሪያ ሪሴት አታድርጉት። ሪሴት ካደረጋችሁት ማን እንዴት እንደገባ የሚያሳየው ሎግ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ከኔትወርኩ ለዩትና እንዳለ አቆዩት።