የሚኒሶታ ብርድ ጅማ ይደርሳልን?

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የምትኖር እህቴ ቀላል የአመዳይ በረዶና ብርቱ ቅዝቃዜ እንደተተነበየባቸው ነገረችኝ። ጅማ ዙሪያም ሌሊቱ እየበረደ ነውና፣ ያ ብርድ ወደ እኛ ይመጣ ይሆን? የቡና ችግኞቼ አሳስበውኛል።

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ እህትዎ የነገሩዎትን ብርድ የሚያመጣው ከአርክቲክ፣ ማለትም ከሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ በካናዳ በኩል ወደ አሜሪካ የሚወርድ ደረቅ አየር ስለሆነ ጅማ አይደርስም። ከጥቅምት እስከ ጥር የሚሰማን የበጋ ብርድ ምንጩ ሌላ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ሲል ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ያለ ከልካይ ትለቅቃለች፣ የቀዘቀዘውም አየር ስለሚከብድ ወደ ረባዳው ወርዶ እዚያው ይተኛል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአመዳይ በረዶ አያሰጋትም፤ በአገራችን እርሱ አልፎ አልፎ የሚታየው እንደ ራስ ዳሸን ባሉ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆኑ ተራሮች ነው።

ውርጭን ግን ፈጽሞ መናቅ አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975 የብራዚልን የፓራና ግዛት ቡና ያወደመው እርሱ ነው። ስለዚህ የችግኝ መደብዎን ከረባዳ ቦታ ያርቁ፤ ማታ በሣር ዳስ ሸፍነው ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ይግለጡት። በእኔ እምነት ለተተከለው ቡና ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ እንደ ዋንዛ ያለ የጥላ ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፎቹ የምድርን ሙቀት በከፊል ይይዙለታልና። ቅጠሉ ጠቁሮ ቢጠወልግም ለመቁረጥ አይቸኩሉ፤ አዲሱ ቀንበጥ ከየት እንደሚያቆጠቁጥ እስኪታይ ይታገሡ። በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውንም ቡና ጤዛ እንዳይመታው ማታ ማታ ይሸፍኑት።