ልጄ ከአያቱ ጋር ነው፤ እንዴት ልረከበው? (ጥያቄና መልስ)

መልሶቹ የተመሠረቱት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ላይ ነው። ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልል ላይ ያላችሁ የክልላችሁን የቤተሰብ ሕግ ያዙ፤ ለምሳሌ አማራ ክልል 79/1995፣ ኦሮሚያ 69/1995 አላቸው።

ጥያቄ፦ ቤሩት ስድስት ዓመት ሠርቼ ተመለስኩ። የልጄ አባት በሕይወት የለም። የአባቱ እናት «ያሳደግኩት እኔ ነኝ» ብለው ልጁን ከለከሉኝ። መብቱ የማን ነው?

መልስ፦ በሕጉ መነሻ የእርስዎ ነው። አንዱ ወላጅ ሲሞት በሕይወት ያለው ብቻውን የልጁ አሳዳሪ (የአስተዳደጉ ኃላፊ) እና ሞግዚት (የንብረቱ ጉዳይ ኃላፊ) ይሆናል (አንቀጽ 220)። አያት ተራው የሚደርሳቸው ኃላፊነቱን ሊወጣ የሚችል ወላጅ ሲጠፋ ነው። ልጅን አያት ጋር ትቶ ለሥራ መሄድ አደራ መስጠት ነው፤ መብት አልተላለፈም።

ይሁን እንጂ ወላጅ መሆን ብቻውን አያስረክብም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት (በመጨረሻ ውሳኔ ላይ ያለ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው ችሎት) በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነውን ማወቅ ይገባል። አባትየው ለዓመታት ያላሳደገውን ልጅ ልውሰድ ሲል፣ ችሎቱ የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ካሳደገችው አክስት ጋር እንዲቆይ አደረገ። ስለዚህ ጉዳዩ የሚወሰነው በሩቅ ሆነው ለልጁ ምን ያደርጉ እንደነበር በሚያሳየው ማስረጃ ነው። የሐዋላ ደረሰኝ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የኢሞና የዋትስአፕ ጥሪ ታሪክ ሁሉ ይሰብሰብ።

ብዙ ፋይል የሚሰናከለው ስም ላይ ነው። ወደ ዓረብ አገር በሌላ ስም በወጣ ፓስፖርት የሄደች እናት፣ ደረሰኙ ሁሉ በፓስፖርቷ ስም ነው፤ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ደግሞ በትክክለኛ ስሟ። «ላኪዋ ሌላ ሴት ናት» ተብሎ ማስረጃው ውድቅ እንዳይሆን፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው በፍርድ ቤት እንዲረጋገጥ አስቀድመው ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ክሱ የት ይቀርባል? ምን ምን ልያዝ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሽማግሌ ይላኩ፤ ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን፣ የሚረከቡበት ቀንም ይጻፍበት። ካልሆነ ልጁ በሚኖርበት አካባቢ ይክሰሱ፤ አዲስ አበባ ከሆነ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት። ከክስ ማመልከቻው ጋር የልደት ምስክር ወረቀት፣ የአባትየው የሞት ምስክር ወረቀት፣ የገቢ ማስረጃ፣ የቤት ኪራይ ውልና የምስክሮች ዝርዝር ይያያዛል። የዳኝነት ክፍያ የሚከፍሉት ከሌለዎት በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍሉ፣ ለመክሰስ ያመልክቱ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ እኔ ሳልኖር አያትየው በፍርድ ቤት የሞግዚትነት ውሳኔ አውጥተዋል። አበቃልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አላበቃም። የውሳኔውን ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (መዝገብ ቤት) አውጥተው በዚያው ፍርድ ቤት መቃወሚያ ያቅርቡ (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 358)። እናት በሕይወት እያለች «ወላጅ የለውም» ተብሎ ከሆነ የተወሰነው፣ ያንን በግልጽ ይጻፉት። አይቆዩ።

ጥያቄ፦ አያቶቹ በጉዲፈቻ ወስደውት ከሆነስ?

መልስ፦ ይህ ከባዱ ነው። በፍርድ ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻ በመርህ ደረጃ አይሻርም። አንቀጽ 195 የሚፈቅደው ልጁ እንደ ባሪያ ከተያዘ፣ ለነውር ተግባር ከተዳረገ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ አኳኋን ከተያዘ ነው። በቃል ብቻ «ልጅሽን ልጄ አድርጌዋለሁ» የተባለ ግን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ጉዲፈቻ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። አያቱን «እማዬ» ይላል፣ እኔን በስሜ ይጠራኛል። ዳኛ ፊት «አልሄድም» ቢልስ?

መልስ፦ ይለዋል ብለው ይዘጋጁ። ዳኛው ልጁን ለብቻው ሊያነጋግረው፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያም ሁለቱን ቤቶች አይቶ ሪፖርት እንዲያቀርብ ሊያዝ ይችላል። ክሱ ሳይወሰን ልጁን በየሳምንቱ ለመጠየቅ የሚያስችል ጊዜያዊ ትእዛዝ ይለምኑ። በመጀመሪያ እዚያው አያቱ ቤት ተቀምጠው ያጫውቱት፣ ቀጥሎ ቅዳሜን ይዋል፣ ቆይቶ አንድ ሌሊት ይደር። ርክክቡ ክረምት ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ በሴሚስተር መሃል ትምህርት ቤት የተቀየረ ልጅ ሁለት ነገር በአንዴ ያጣል። አያቱንም አይከልክሉት፤ የሚጠይቁበትን ቀን ራስዎ በማመልከቻው ላይ ያስፍሩ። ዳኛው ያስተውለዋል፣ ልጁም ያስፈልገዋል።

ከትምህርት ቤት በር ላይ ነጥቆ መውሰድ ግን በፍጹም! ልጁን ያስደነግጣል፣ በክሱም ላይ በእርስዎ ላይ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ «ያሳደግኩበትን ካልከፈልሽ አልሰጥም» አሉ።

መልስ፦ ልጅ መያዣ አይደለም። የገንዘብ ጥያቄ ካላቸው ለብቻው ይታያል፤ ርክክቡን አያግድም።

ጥያቄ፦ እስካሁን ሪያድ ነኝ። ከዚህ ሆኜ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ለጠበቃ ውክልና ይስጡ። ውክልናው በኤምባሲው ወይም በቆንስላው ተረጋግጦ፣ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ያልፋል። «ስለ ልጄ አሳዳሪነት ለመክሰስ፣ ለመከራከር፣ ይግባኝ ለማለትና ለማስፈጸም» የሚል ቃል ይኑረው። ነገር ግን እርስዎ እዚያ ሆነው ልጁ ለእህትዎ ይሰጥ ማለት ደካማ ክስ ነው፤ ዳኛው ከአያት ወደ አክስት ለምን ይዛወራል ይላል። የመመለሻ ቀንዎ ሲታወቅ ቢጀምሩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ተፈርዶልኛል፣ እሳቸው ግን አላስረክብም ብለዋል።

መልስ፦ ፍርዱ በራሱ አይፈጸምም። የፍርዱን ግልባጭ አያይዘው የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍቱ። አያትየው ከፍርዱ ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላሉ፤ የእግድ ትእዛዝ ካላመጡ ግን ይግባኝ ማለታቸው ብቻ አፈጻጸሙን አያስቆምም። ፖሊስ በሚታዘዝበት ጊዜም ርክክቡ በፍርድ ቤቱ ግቢ ወይም በወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት እንዲሆን ይጠይቁ፤ ልጁ አያቱ ደጃፍ ላይ ፖሊስ እንዳያይ።