«መድኃኒቱ ሰለቸኝ» የሚል የስኳር ታማሚ ሲገጥም

እህቴ፣ ጥያቄሽ የብዙ ጤና ጣቢያ ጥያቄ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ በ50ዎቹ ዕድሜ ያሉ ገበሬ ክትትል አቋርጠዋል፤ ቤተሰብ «ሰው ሸሽተዋል፣ ተኝተው ይውላሉ» ይላል፤ እሳቸው «ሰለቸኝ፣ ሞት በወሰደኝ» ይላሉ፤ የአእምሮ ሐኪም በአቅራቢያ የለም፣ ምን ላድርግ ነው ያልሽው። እንዲህ ያለውን ሰው «ግዴለሽ» ብሎ መቆጣት ጭራሽ ያርቀዋል። መድኃኒት ያቋረጠ የስኳር፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪ ወይም የእግር እብጠት ታማሚ ሁሉ ስለ ድብርት መጠየቅ አለበት። አብዛኛውም እዚያው ጤና ጣቢያ ይታከማል።

መጀመሪያ ስኳሩን ለኪ። ስኳር ሲበዛ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ያስነሳል፣ ቀን ያደክማል፤ ድብርት ይመስላል። ሲወርድ ደግሞ ያልባል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ሰውየውም «ጭንቀት ያዘኝ» ይላል። በዚያች ሰዓት ተለክቶ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ችግሩ ምግብ ሳይቀምሱ የተወጉት ኢንሱሊን ሊሆን ይችላል፤ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጪያቸውና ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገሚ ለኪ። የደም ማነስም እንዳይረሳ።

ቀጥሎ ጥያቄው ነው። አስታማሚው ባለበት ማንም ሆዱን አይከፍትም፤ ቤተሰብን ለብቻ ስሚ፣ እሳቸውንም ለብቻ። ገጠር «ድብርት አለብዎ?» ብትዪ «የለም» ነው መልሱ። «ሐሳብ ይበዛብዎታል? ልብዎ ይደክማል? ጭንቅላትዎን ያቃጥልዎታል?» በዪ። ፒኤችኪው-9 የሚባለው ባለ 9 ጥያቄ የድብርት መጠይቅ ያለፈውን የ2 ሳምንት ሁኔታ ይጠይቃል፤ «ካለፉት ሁለት ገበያዎች ወዲህ» ስትዪ ቶሎ ይገባቸዋል። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ በቁም ነገር ያዢው። ነገር ግን ድካም፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መጓደል ከስኳሩም ሊመጡ ስለሚችሉ በቁጥሩ ብቻ አትወስኚ። ይበልጥ የሚለየው ደስታ ማጣቱና ራስን መናቁ ነው። ዕድር ይወጣሉ? ሰንበቴ ይሄዳሉ? ከብቶቹን ያያሉ? «እኔ ለቤቱ ሸክም ነኝ» ይላሉ? አረቄም ጠይቂ፤ በባዶ ሆድ ከኢንሱሊን ጋር ሲገናኝ ስኳርን አደገኛ እስኪሆን ያወርዳል።

ስለ ሞት መጠየቅን አትፍሪ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። በደረጃ ሂጂ፦ «ሲብስብዎ ሞትን ይመኛሉ?» ከዚያ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ከዚያ «እንዴት ብለው?» «እግዜር ይውሰደኝ» ማለትና ገመድ ማዘጋጀት አንድ አይደሉም፤ ሁለቱም ግን ይጠየቃሉ። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ኢንሱሊኑን ነው፤ ከልክ በላይ መውጋትም ሆነ ሆን ብሎ መተው መሞቻ ሊሆን ይችላል። የተባይ ኬሚካል፣ የአይጥ መርዝና ኢንሱሊኑ በሌላ ሰው እጅ ይቆለፉ፤ መርፌው በሰዓቱ በቤተሰብ ፊት ይወጋ። ዕቅድ ካላቸው ብቻቸውን አይተዉ፤ ዛሬውኑ ሰው አስከትለሽ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ላኪ፤ ለዚህ የግድ አዲስ አበባ አማኑኤል መድረስ አያስፈልግም።

መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት፣ እንቅልፍ ሳይፈልጉ ከልክ በላይ የተደሰቱበት፣ የለፈለፉበትና ገንዘብ የበተኑበት ጊዜ እንደነበረ ቤተሰብን ጠይቂ። ካለ በራስሽ አትጀምሪ፣ ላኪ፤ ወደ ማኒያ (ወደዚያ ዓይነቱ ከልክ ያለፈ መነቃቃት) ሊገለበጡ ይችላሉ። ከሌለ ለስኳር ታማሚ ፍሉኦክሰቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት ይሻላል፦ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ጠዋት። ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዘውትረሽ ለኪ። የሚጾሙ ከሆነ 9 ሰዓት ጾም ሲፈቱ ቢወስዱት ይሆናል፤ ማታ ግን እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል። ኢንሱሊን እየተወጉ መጾሙ ራሱ ለብቻው መነጋገር የሚፈልግ ጉዳይ ነው።

ሌላው የድብርት መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን እግር ለሚያቃጥለውና እንቅልፍ ላጣ ይጠቅማል፤ 25 ሚሊ ግራም በመኝታ ሰዓት ይጀመራል። ይህ መጠን ሕመም ያስታግሳል እንጂ ለድብርት አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም፤ ቢያንስ እስከ 75 ሚሊ ግራም ድረስ ቀስ እያለ መጨመር አለበት። ስኳርና ክብደት ይጨምራል፣ ሲነሱ ያዞራል፣ ለልብ ሕመምተኛ አይሰጥም። ከልክ በላይ ከተዋጠ ይገድላልና ሞት ለሚያስብ ሰው የወር መድኃኒት አሸክመሽ አትላኪ፤ የሳምንት ብቻ፣ እሱም በቤተሰብ እጅ። ዲያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ ለወራት መስጠትም ሌላ ሱስ መጨመር ነው።

ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ማቅለሽለሹ ቀድሞ ይመጣል፣ ለውጡ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። ይህን መጀመሪያውኑ ለእሳቸውም ለባለቤታቸውም ንገሪ። ጸበል የሚሄዱ ከሆነ አትከልክዪ፤ ኢንሱሊኑንና ክኒኑን ይዘው እንዲሄዱ፣ ምግብ ሳይዘገይ እንዲመገቡ ተስማሚ። ካህኑን ማነጋገር ከተቻለ ብዙ ያግዛል።

ከመድኃኒቱ ጎን ለሳምንቱ አንድ ትንሽ ሥራ አብራችሁ ምረጡ፤ ጠዋት ማሳው ዳር ደርሶ መመለስ ወይም ዕድር ላይ ለግማሽ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል። በ1ኛው ሳምንት ያለውን ክትትል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ሄዳ ትይ፤ ከዚያ ወዲያ ቀጠሮውን ከስኳሩ ጋር በአንድ ቀን፣ ከተቻለም በገበያ ቀን አድርጊው፤ ሁለት ጊዜ የትራንስፖርት ከፍለው አይመጡም። በ6ኛው ሳምንት ፒኤችኪው-9ን ድገሚ። ካልቀነሰ በትክክል መውሰዳቸውን አረጋግጠሽ ፍሉኦክሰቲኑን ወደ 40 ሚሊ ግራም አሳድጊ ወይም አማክሪ። ከተሻላቸው በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥሉ፤ ሲቆምም በአንዴ ሳይሆን ቢያንስ በ4 ሳምንት ውስጥ እየተቀነሰ ነው።