መድኃኒቱ አለቀ፣ ድካሙ ግን ቀረ፦ ከኦቫሪ ካንሰር ሕክምና በኋላ ስላለው ኑሮ ጥያቄና መልስ

ከኦቫሪ፣ ማለትም ከሴት እንቁላል ማምረቻ ዕጢ ካንሰር ሕክምና በኋላ አቅምን ስለመመለስ የደረሱኝ ጥያቄዎች በርከት በማለታቸው ይህን ዓምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥቼዋለሁ። ተመሳሳዮቹን አዋህጄ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ። የአብዛኞቹ ጠያቂዎች የሕክምና ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፤ በቀዶ ሕክምና ሁለቱ ኦቫሪዎችና ማህፀናቸው ወጥቶ፣ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የተባሉትን የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች በየ3 ሳምንቱ ለ6 ዙር ወስደዋል።

«የመጨረሻውን ኬሞ ከወሰድኩ 5 ወር ሆኖኛል፤ ምርመራውም ጥሩ ነው ተብያለሁ። ሆኖም አልጋ አንጥፌ ስጨርስ ተመልሼ እዚያው መተኛት ያምረኛል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ስነሳም ድካሙ እንዳለ ነው። ቤተሰቦቼ ‹አሁንማ ድነሻል› ሲሉኝ የሰነፍኩ ይመስለኛል።»

አልሰነፉም። በካንሰርና በሕክምናው የሚመጣው ድካም ሲሠራ ከዋለ ሰው ድካም የሚለየው፣ ራስዎ እንደታዘቡት፣ በእንቅልፍ ባለመልቀቁና ከተሠራው ሥራ ጋር ባለመመጣጠኑ ነው። ኬሞው ከቆመ በኋላ ባሉት ወራት ቀስ በቀስ የሚለቃቸው ብዙዎች ቢሆኑም፣ ዓመትና ከዚያም በላይ የሚቆይባቸው ሴቶች ጥቂት አይደሉም፤ ስለዚህ በ5ኛው ወር መድከምዎ ብቻውን ካንሰሩ ተመልሷል ማለት አይደለም። «ድነሻል» የሚለው ቃል ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ለሚሰማው ሰው ሸክም ነው። ቤተሰብ የመጨረሻው መርፌ ከክንድ በተነቀለበት ዕለት ነገሩ አበቃ ብሎ ሲያስብ፣ ሰውነት ግን ማገገም የሚጀምረው ገና ከዚያ ዕለት ነው።

ይህን ስል ግን «ጊዜ ይፈታዋል» ብለው ይቀመጡ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም በክትትል ክፍሎች ውስጥ በጣም ከሚያናድዱኝ መልሶች አንዱ ይኸው ነው። ከድካሙ ውስጥ ሊታከም የሚችል ድርሻ ብዙ ጊዜ አለ። ኬሞው ደም የሚመረትበትን መቅኒ ስለሚጎዳ የደም ማነስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀዝቀዝ፣ ስም ያልተሰጠው ድብርት፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ በቂ ምግብ አለመብላት፣ የሚያደነዝዙ ማስታገሻዎች፣ እነዚህ ሁሉ ድካም ያመጣሉ፤ አብዛኞቹም በደም ምርመራና በጥሞና በሚደረግ ጭውውት ይገኛሉ። ኦላፓሪብ ወይም ኒራፓሪብ የተባሉትን እንክብሎች ካንሰሩ እንዳያገረሽ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ድካምና የደም ማነስ ከዋና ዋናዎቹ የጎንዮሽ ጉዳቶቻቸው መካከል ስለሆኑ፣ እንክብሉን በራስዎ ሳያቋርጡ፣ የመጠን ማስተካከያ ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። በቀጠሮዎ ዕለት «ደክሞኛል» ብቻ ብለው አይለፉ፤ ለእኔ የጻፉትን ያን የአልጋ ማንጠፍ ነገር እንዳለ ይንገሩ። እንዲህ ያለ አንድ ምሳሌ የሰማ ሐኪም ነገሩን በቀላሉ አያልፈውም።

«ሁሉም ሰው ተንቀሳቀሺ ይለኛል፤ ስንቀሳቀስ ደግሞ ለሁለት ቀን እወድቃለሁ። ሰውነቴን ልስማ ወይስ ሰዎቹን?»

ሁለቱንም ይስሙ፤ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ 113 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ከካንሰር ጋር የተያያዘን ድካም በመቀነስ ረገድ የአካል እንቅስቃሴና የሥነ ልቦና ድጋፍ ከመድኃኒት እንደሚበልጡ አሳይቷል። ነገር ግን አቅም በተሰማ ቀን የተከማቸን ሥራ ሁሉ መጨረስ እንቅስቃሴ ማድረግ አይደለም።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት የማውቃት አንዲት ታካሚ በልጇ አሮጌ ደብተር ጀርባ ላይ ውሎዋን ትመዘግብ ነበር። አንዱ ገጽ እንዲህ ይል ነበር፦ «ሰኞ፣ ደህና ነኝ። ልብስ አጠብኩ፣ መጋረጃ አወረድኩ፣ ወለል ወለወልኩ። ማክሰኞ፣ አልጋ። ረቡዕ፣ አልጋ። ሐሙስ፣ ትንሽ ቀና አልኩ። ዓርብ፣ መጋረጃ ሰቀልኩ። ቅዳሜ፣ አልጋ።» ገጹን አብረን ስናነብ ራሷ ሳቀች፤ ችግሩም መጋረጃው መሆኑ ገባት። ከዚያ በኋላ የተስማማነው አንድ ነገር ነበር፤ ደህና በሆነችበት ቀን ገና አቅም እያላት ሥራውን ታቆማለች፣ በደከመችበትም ቀን ቢያንስ እስከ በሩ ደርሳ ትመለሳለች።

እርስዎም ያለ ችግር ከሚችሉት ይጀምሩ፤ 5 ደቂቃ ከሆነ 5 ደቂቃ ይራመዱ። በማግስቱ ካልጣለዎት ያንኑ ለሳምንት ያህል ይደጋግሙና 1 ወይም 2 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ከጣለዎት ግን ይቀንሱ እንጂ አይተዉ። የብዙ ባለሙያዎች ግብ በሳምንት 3 ቀን 30 ደቂቃ ያህል፣ እየተነጋገሩ ሊሄዱት የሚቻል እርምጃና በሳምንት 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ቀላል እንቅስቃሴ ነው፤ ለምሳሌ ከወንበር እየተነሱ መቀመጥ። እዚያ ለመድረስ ወራት ቢፈጅብዎት ምንም አይደለም። ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ላሉት 6 እስከ 8 ሳምንታት ግን ከባድ ነገር ማንሳት የለብዎትም፤ ከዚያም በኋላ ሲያስሉ ጠባሳው አካባቢ የሚገፋ እብጠት ካዩ ለሐኪምዎ ያሳዩ። በእንቅስቃሴ ላይ የደረት ሕመም፣ ራስ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው ያቁሙና ለሕክምና ቡድኑ ይንገሩ።

«የእግሬ ጣቶች ደንዝዘዋል። ባለፈው ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ሳላውቅ ግቢውን አቋርጫለሁ። ይህ ይድናል?»

ፓክሊታክሴል የስሜት ነርቮችን ጫፍ ስለሚጎዳ መደንዘዙ፣ መውረሩና ማቃጠሉ ከጣቶች ይጀምራል። በብዙዎች ላይ ከኬሞው በኋላ ባሉት ወራት እየቀለለ ይሄዳል፤ በአንዳንዶች ላይ ግን ከፊሉ ይቀራል። ስለዚህ ነርቩ እስኪያገግም ድረስ እግርን መጠበቅ ያስፈልጋል። ተረከዝ የሚይዝና ጣት የሚሸፍን ጫማ ያድርጉ፤ ከማጥለቅዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳብሱ፤ የገላ መታጠቢያ ውኃን ሙቀት በእግርዎ ሳይሆን በክርንዎ ይለኩ፤ ሌሊት ሲነሱ መብራት ያብሩ፤ ማታ ማታ መርገጫዎን በመስታወት ይመልከቱ። ስሜቱ ወደ ሕመም ከተለወጠ ዱሎክሴቲን የተባለው መድኃኒት ሊረዳ ስለሚችል ሐኪምዎን ይጠይቁ። ለነርቭ ይጠቅማል ተብሎ የሚሸጥን ሁሉ ግን አይዋጡ። አሴቲል ኤል ካርኒቲን በጥናት ላይ ችግሩን አባብሶ ተገኝቷል፤ ቫይታሚን ቢ6 ደግሞ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭን ይጎዳል።

«43 ዓመቴ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሌሊት በላብ ተነክሬ እነቃለሁ፤ አንሶላ መቀየር ሥራዬ ሆኗል። ባለቤቴን መቅረብም ፈራሁ፣ ያመኛል።»

ሁለቱ ጥያቄዎች ምንጫቸው አንድ ነው። ኦቫሪዎቹ ሲወጡ ሌሎች ሴቶች በዓመታት ውስጥ ቀስ ብለው የሚገቡበት ማረጥ በአንድ ቀን ይመጣል። ላቡ እንቅልፍን ይሰብራል፣ የተሰበረው እንቅልፍ ድካሙን ያበዛል፤ ስለዚህ ላቡን ማከም በራሱ ለድካሙ ከሚደረገው ሕክምና አንድ ክፍል ነው። የሆርሞን ሕክምና ለእርስዎ ይሆን እንደሆነ የሚወስነው የካንሰሩ ዓይነት ነው፤ ለብዙዎች የሚፈቀድ ሲሆን፣ ሎው ግሬድ ሴረስ የተባለውን፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ለመሰሉ በሆርሞን ሊነቃቁ ለሚችሉ ዓይነቶች ግን ብዙውን ጊዜ አይመከርም። በ43 ዓመት ያረጠች ሴት አጥንቷ ቀድሞ ሊሳሳ ስለሚችል ጥያቄው ከምቾት ያለፈ ነው፤ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራም አብረው ያንሱ። ሆርሞን የማይሆን ከሆነ ቬንላፋክሲን ወይም ጋባፔንቲን የተባሉት መድኃኒቶች ላቡን ይቀንሳሉ። ቀን ላይ መተኛት ቢያስፈልግዎ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላም ባይሆን ይመረጣል።

ሕመሙን በተመለከተ፣ ሆርሞኑ ሲጠፋ የብልት ግድግዳ ይሳሳል፣ ይደርቃልም። በሳምንት ጥቂት ጊዜ የሚቀባ የብልት ማርጠቢያና በግንኙነት ጊዜ በውኃ ላይ የተመሠረተ ማለስለሻ መጠቀም ለብዙዎች በቂ ነው። ሐኪሙ የቀዶ ሕክምናው ቁስል መዳኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ ግንኙነት አይጀመርም። ካንሰሩ በግንኙነት ወደ ባለቤትዎ አይተላለፍም፤ ይህን የሚፈሩ ባሎች እንዳሉ ስለማውቅ ሳይጠይቁኝ ጻፍኩት። በቀጠሮ ላይ ይህን ጉዳይ ብዙ ሐኪሞች አያነሱትም፤ ስለዚህ እርስዎ ያንሱት።

«ቃላት ይጠፉኛል። የጎረቤቴን ስም ለመጥራት ቆሜ አስባለሁ።»

የተለመደ ነው፤ ባብዛኛውም በጊዜ ይሻላል። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ያባብሱታል። ሁሉንም በአንድ ደብተር ይጻፉ፣ አንዱን ሥራ ሳይጨርሱ ሌላውን አይጀምሩ። በድንገት የመጣ ግራ መጋባት፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መንተባተብ ግን ሌላ ጉዳይ ነውና በአስቸኳይ ይታዩ።

«ብረት ያለበትን እንክብል ብወስድ ጉልበቴ አይመለስም?»

የብረት እጥረት እንዳለብዎ በምርመራ ከታወቀ ሊረዳ ይችላል። መቅኒው በኬሞ ወይም በኦላፓሪብ ምክንያት የቀዘቀዘ ከሆነ ግን የሚያተርፉት የሆድ ድርቀት ብቻ ነው። መጀመሪያ ይመርመሩ።

«እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ኬሞዋን ከጨረሰች 3 ወር ሆኗል፤ ከመቀመጫዋ እንዳትነሳ ሁሉን የምሠራላት እኔ ነኝ። እሷ ግን ትቆጣኛለች።»

እናትዎ የተቆጡት በከንቱ አይመስለኝም። ጡንቻ ካልሠራ በፍጥነት ይሟሽሻል፤ በተለይ በዚህ ዕድሜ የሰነበተ ዕረፍት ድካሙን ያጸናዋል። ከሁሉ በላይ ራሳቸው ሊሠሩት የሚወዱት ምን እንደሆነ ይጠይቋቸውና ያንን ይተዉላቸው፤ የሚጠሉትን ወይም የሚከብዳቸውን እርስዎ ይውሰዱ። ሽንኩርቱን ተቀምጠው የሚልጡበት ወንበር ያቅርቡላቸው እንጂ ቢላዋውን ከእጃቸው አይቀበሏቸው። ሲወጡና ሲገቡ ግን አብረው ይራመዱ፤ እግራቸው የደነዘዘ ከሆነ መውደቅ ያሰጋል።

«ቀጠሮዬ ሲቃረብ አንድ ሳምንት አልተኛም። የሲኤ 125 ቁጥሬ ካለፈው በ4 ጨምሯል፤ በየሳምንቱ ባሰራው አይሻልም?»

አይሻልም። ሲኤ 125 የኦቫሪ ካንሰርን ለመከታተል በደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን ነው፤ ብዙ ላቦራቶሪዎች እስከ 35 ያለውን እንደ መደበኛ ይወስዳሉ፤ ከዚያ በታች ሆኖ ትንሽ ከፍና ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። የሆድ ዕቃ መቆጣት፣ ኢንፌክሽንና የጉበት ሕመምም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ትልቅ ጥናት ምልክት ሳይኖር በቁጥሩ መጨመር ብቻ ኬሞ ቀድመው የጀመሩት ሴቶች ምልክት እስኪታይ ከጠበቁት የበለጠ ዕድሜ እንዳላገኙ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ ሕክምናዎች ስለመጡ ምርመራው ይቅር አይባልም፤ ምን ያህል ጊዜ መደረግ እንዳለበት ግን ጭንቀትዎ ሳይሆን ከሐኪምዎ ጋር የተስማሙበት ዕቅድ ይወስን። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ክትትሉ በየ2 እስከ 4 ወሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ እየራቀ ይሄዳል። እንቅልፍ የሚነሳዎትን ያን ሳምንት አስቀድመው ያቅዱት፤ ውጤቱ በየትኛው ቀንና በማን በኩል እንደሚነገርዎ ቀድመው ከጠየቁ ስልክ እያዩ መዋል ይቀንሳል።

በቀጠሮዎች መካከል ከቁጥሩ ይልቅ የሚከተሉትን ይከታተሉ። ሳይመለስ ለ2 ሳምንት ያህል የቆየ የሆድ መነፋት፣ ጥቂት በልተው ቶሎ መጥገብ፣ አዲስ የሆድ ወይም የዳሌ ሕመም፣ የሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት ወይም ያለምክንያት ክብደት መቀነስ ካዩ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይደውሉ። ሰገራና ፈስ ቆሞ ማስመለስ ከመጣ፣ አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ እስኪነጋ እንኳ ሳይቆዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።