መጀመሪያ መኪናዋን አውጣት፣ ከዚያ ተካሰስ

ወንድሜ ጥያቄህን አሁን ነው ያየሁት። ታውንሃውስ ተከራይተህ ከገባህ ሁለት ወር እንኳን አልሞላህም። ቪዚተር ላይ፣ ማለትም የእንግዳ ማቆሚያው ላይ፣ ያቆምካት መኪና ሌሊት ቶው ተደረገች፤ ተጎትታ ተወሰደች። አከራይህ "እኔ የማውቀው ነገር የለም" አለህ፤ የኤች ኦ ኤው (የግቢው የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ማናጅመንት ደግሞ "የምናነጋግረው ባለቤቱን ብቻ ነው" ብሎ ስልኩን ጆሮህ ላይ ዘጋው። ልክፈል ወይስ ልከራከር ነው ጥያቄህ። የኔም ታሪክ ቁርጥ ይሄ ነው። የት እንዳለህ አልጻፍክም፤ እንደኔ ዳላስ፣ ቴክሳስ አካባቢ ነህ ብዬ ነው የምመልስልህ። ሌላ ስቴት ከሆንክ ሕጉ ይለያል፣ እልሁ ግን ያው ነው።

"ሊዝህን (የኪራይ ውልህን) አንብብ" እያሉ የሚመክሩህን ለጊዜው ተዋቸው። እሱ ትናንት ነበር።

1ኛ. ዛሬውኑ ከፍለህ አውጣት። ከፈልክ ማለት ጥፋቱን አመንክ ማለት አይደለም፤ ከፍለህም መክሰስ ትችላለህ። እኔ ይቺን አለማወቄ ነው የጎዳኝ። "ያላጠፋሁትን ለምን እከፍላለሁ" ብዬ ስድስት ቀን እዚያው ተውኳት። በመጀመሪያው ቀን ባወጣት ኖሮ ወደ 320 ዶላር ነበር፤ 272 ለመጎተቻው፣ 22.85 ለአንድ ቀን ማደሪያ፣ ሌላ 22.85 መኪናዋን ለተረከቡበት፣ ከዚያ ታክስ። በስድስተኛው ቀን ስሄድ ማደሪያው ሲቆጥር ከርሟል፣ "ደብዳቤ ልከንልሃል" ተብሎም 50 ዶላር ተጨምሮበታል፤ 493 ዶላር። ደብዳቤው ቤቴ የደረሰው መኪናዋን ካወጣሁ በኋላ ነው! እኔ ደግሞ ኡበር ነው የምሠራው። መኪናዋ ከታሰረች ገቢ የለም። ባለቤቴ በአራተኛው ቀን "ለመሆኑ የታሰረው ማነው፣ እሷ ናት ወይስ አንተ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

2ኛ. ወረቀትህን አሟልተህ ሂድ። ያርዱ፣ የተጎተቱ መኪኖች የሚቀመጡበት ግቢ ውስጥ፣ የሚያነጋግሩህ ከወፍራም መስታወት ጀርባ ሆነው ነው። መንጃ ፈቃዴን በቀዳዳው አሳለፍኩ። ሴትዮዋ ቀና ሳትል "ሬጅስትሬሽን" አለች። መኪናዋ ውስጥ ነው አልኳት። ያለሱ አይሆንም አለች። እሺ ገብቼ ላምጣው ስላት ሳትከፍል መኪናው ጋ አትደርስም አለችኝ። ሳልከፍል አልገባም፣ ሳልገባ አልከፍልም፤ በቃ እዚያው ስንሽከረከር ቆየን። በዚያ ላይ ስሜ ፈቃዴ ላይ በቲ እና ኤስ ይጀምራል፣ ኢንሹራንሱ ላይ በቲ ብቻ። ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ "ይሄ አንተ አይደለህም" አለችኝ። አገሬ ላይ በአንድ ፊደል "ጸ" ተብሎ የሚያልቅ ነገር እኮ ነው!

ከኋላዬ የቆሙ አንድ ሜክሲካዊ ሽማግሌ ናቸው ያዳኑኝ። ባለቤትነትህን የሚያሳይ ወረቀት ከመኪናህ መሳቢያ የማውጣት መብት አለህ፣ የስቴቱ ሕግ ነው አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር፣ እሷም ሰማች። አንድ ሠራተኛ ተጠርቶ አብሮኝ ገባ። ስወጣ ሽማግሌው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣታቸው አሳዩኝና "ፎቶ አንሳው" አሉኝ። ስድስት ቀን ሙሉ ስልክ ላይ ስጮህ አንድም ሰው ያልነገረኝ ነገር እዚያ ላይ ነበር፤ መኪናህ ያለ አግባብ ተወስዷል ብለህ ካመንክ ዳኛ ፊት የመቅረብ መብት።

3ኛ. እዚህ ላይ ቀን ቁጠር። ዳኛ ፊት የመቅረቡ ነገር ቶው ሂሪንግ ይባላል። መኪናዋ ከተወሰደችበት ቀን በኋላ 14ኛው ቀን ሳይደርስ ማመልከት አለብህ፤ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል አይቆጠሩም። ማመልከቻውን የምታስገባው ያቆምክበት ሠፈር ያለበት ፕሪሲንክት (የካውንቲው ክፍል) ጄፒ ኮርት፣ ማለትም አነስተኛ ጉዳዮች የሚታዩበት ፍርድ ቤት ነው። ቤትህ እዚያው ስለሆነ አንተ አትሳሳትም፤ እኔ ግን ያርዱ ያለበት ሠፈር ሄጄ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ። ካስገባህ በ21 ቀን ውስጥ ይሰማልሃል። የማስረዳቱ ሸክም ያንተ ነው፤ ባዶ እጅህን "ተበድያለሁ" ብለህ ብትቀርብ ዋጋ የለውም።

ምን ይዤ ልቅረብ ካልክ፣ ምልክቱን። ቴክሳስ ውስጥ ቶው እንደሚደረግ የሚያስጠነቅቀው ሰሌዳ መኪና በሚገባበት በር ሁሉ መኖር አለበት፤ የጓሮ መተላለፊያም ካለ ይጨምራል። ቢያንስ 18 ኢንች በ24 ኢንች፣ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ከ5 እስከ 8 ጫማ ከፍ ያለ። እኛ ግቢ የፊት ለፊቱ በር ላይ ያለው የሠርግ ባነር ነው የሚያክለው። እኔ ግን ሁልጊዜ የምገባው በጓሮ ነው። ሄጄ ሳየው ብረቱ ቆሟል፣ ሰሌዳው የለም። ሁለት የዛገ ብሎን ብቻ። ከጎረቤት ሜትር ተዋስኩና ብረቱን፣ ብሎኑን፣ በሩን፣ ከበሩ እስከ ቪዚተር ያለውን መንገድ በሙሉ እየለካሁ ፎቶ አነሳሁት። አንተም ዛሬ አንሳ። ነገ ሰሌዳ ሊተክሉበት ይችላሉ፤ የኛዎቹ በሳምንቱ ተክለዋል።

የኤች ኦ ኤውን ደንብ ማናጅመንቱ ለተከራይ አንሰጥም ብሎኝ ነበር። ቢሯቸው ሄጄ ቆሜ ስጠይቅ ልጅቷ "ኦውነር ነህ?" አለችኝ፣ አይደለሁም ስላት ፊቷን ወደ ኮምፒውተሯ መለሰች። እንግዲህ መኪናዬን ሲወስዱ ኦውነር መሆኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ለካ ደንቡ የሕዝብ መዝገብ ነው፤ ካውንቲ ክለርክ (የካውንቲው መዝገብ ቤት) ጋ ካልተመዘገበ እንደውም አይሠራም። ኢንተርኔት ላይ በግቢው ስም ፈልጌ አገኘሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ ሳነበው ደነገጥኩ። ነዋሪ ቪዚተር ላይ እንዳያድር ይከለክላል፣ ለየቤቱም ሁለት ሁለት ታግ (የማቆሚያ ፈቃድ ምልክት) ይሰጣል ይላል። ታግ? እኔ ታግ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም።

አከራዬ ሐበሻ ናቸው፣ ትልቅ ሰው፣ ፍሪስኮ ነው የሚኖሩት። ደወልኩላቸው። "ቆይ" አሉና መሳቢያ ሲከፍቱ በስልክ ይሰማኛል። ሁለቱም ታግ ከነፖስታው እዚያው ነበር። ደብዳቤው የሚላከው ለሳቸው ነው፣ እሳቸው ደግሞ የኤች ኦ ኤ ደብዳቤ ሁሉ የክፍያ ነው ብለው አይከፍቱትም። ተናድጄ ብዙ ተናገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው "ልጄ፣ ካስፈለገ መጥቼ እናገራለሁ" አሉ። አላመንኳቸውም ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሱፍ ለብሰው ከኔ ቀድመው ፍርድ ቤት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ይሄ ነው የጠቀመኝ፣ ምክንያቱም ሰሌዳ ባይኖርም እንኳን ደንቡን በሌላ መንገድ ተነግሮህ ከነበር ነገሩ ይበላሽብሃል። ዳኛው መጀመሪያ የጠየቁኝም ይሄንኑ ነው፤ "የነገረህ ሰው ነበር?" አከራዬ ተነስተው "ደብዳቤው ለኔ ነው የመጣው፣ እኔም አልሰጠሁትም" አሉ፤ ታጎቹንም አሳዩ። ከማናጅመንቱ የመጣው ሰውዬ የጓሮው ሰሌዳ በንፋስ ወድቆ ነው አለ። ዳኛው መቼ ሲሉት አያውቅም። ፎቶዎቼን አንድ በአንድ አዩ፣ ብሎኑ ላይ ቆም አሉ። 493 ዶላሩን ቶው ያስደረጉት እንዲመልሱልኝ ወሰኑ። ያለ ጠበቃ፣ በዚህ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ! የስድስት ቀን ሥራዬን ግን የሚመልስልኝ የለም፣ እሱን ለእልሄ ነው የከፈልኩት።

አከራይህን አሁኑኑ እንዳትጣላው፣ ምስክርህ ሊሆን ይችላል። "ታግ ሰጥተኸኝ ነበር?" ብለህ በቴክስት ጠይቀው፣ በስልክ አይሁን፤ የጻፈልህን አስቀምጠው።

ማመልከቻውን መሙላት ከከበደህ በግል ጻፍልኝ፣ የኔን ኮፒ ስሜን ሸፍኜ እልክልሃለሁ። ሌሊት ሥራ ላይ ስለሆንኩ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ይሁን። ያርዱ ጋ ስትሄድ ደግሞ ስምህ ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን አስቀድመህ እይ።