ጓንት ብቻውን አይበቃም

እህቴ፣ ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት እንደጀመርሽና የተሰጠሽ ስስ ጓንት ብቻ እንደሆነ ጽፈሻል። «ይበቃኛል ወይ?» ላልሽው፣ አይበቃም። ስስ ጓንት ደም ይከላከላል እንጂ መርፌ አያቆምም። ወፍራም የላስቲክ ጓንትና ቦቲ ጫማ ጠይቂ። አትፈሪ፣ መብትሽ ነው።

ትልቁ አደጋ ያለው የቆሻሻ ከረጢቱ ውስጥ ነው። በእጅሽ አትጠቅጥቂው፤ ስትሸከሚውም ከእግርሽ አርቂው። ወለል ላይ መርፌ ካየሽ በመቆንጠጫ አንሺና ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ጠንካራ ሣጥን) ውስጥ ክተቺ። የመርፌውን ክዳን መልሰሽ ለመግጠም እንዳትሞክሪ፤ ብዙ ሰው የሚወጋው እዚያ ላይ ነው።

የሄፓታይተስ ቢ (በደም የሚተላለፍ የጉበት በሽታ) ክትባት አሁኑኑ ጠይቂ። አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ ይሰጣል። ሰው የሚፈራው ኤችአይቪን ነው፤ ላልተከተበ ሰው ግን በመርፌ የመተላለፍ ዕድሉ የሄፓታይተስ ቢ በጣም ይበልጣል።

ድንገት መርፌ ከወጋሽ በሳሙናና በውኃ ታጠቢ። አትጭመቂው፣ በረኪናም አታስነኪው። ከዚያ ወዲያው ለኃላፊሽ ተናገሪ። አንዲት ባልደረባዬ ከሥራ እባረራለሁ ብላ ሁለት ቀን ደብቃ ነበር፤ እስካሁን ሳስበው ያመኛል። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት። ለ28 ቀን ሳታቋርጪ ትወስጂዋለሽ።