ለመኝታ ክፍሉ «ጥሩ ባክቴሪያ» እንርጭለት?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ከጣና ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ትንሽ የሕፃናት ማቆያ አለኝ። ክረምት በገባ ቁጥር የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ይሻግታል፤ በበረኪና ብጠርገውም ይመለሳል። ሰሞኑን አንድ ሻጭ «ሕይወት ያለው ጥሩ ባክቴሪያ ነው፤ ሲረጩት መጥፎውን ተሻምቶ ያጠፋዋል» ብሎ ጄሪካን አመጣልኝ። ልጠቀምበት? ወላጆችስ ማወቅ አለባቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁለተኛው ልጀምር፤ የሚከብደው እሱ ነው። አዎ፣ ወላጆች ማወቅ ብቻ ሳይሆን መፍቀድም አለባቸው። ሽሮፕ ለአንድ ልጅ ይሰጣል፤ ግድግዳ ላይ የተረጨ ግን እዚያ ክፍል የሚተኛው ሁሉ ይተነፍሰዋል። ከልጆቹ አንዱ የመከላከል አቅሙ የደከመ ቢሆን እርስዎ በምን ያውቃሉ? ወላጁ ነው የሚያውቀው።

«ጉዳት የለውም» መባሉ ፈቃድን አይተካም። እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካ ጦር ተመራማሪዎች ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባል ባክቴሪያ በአምፖል ሞልተው ኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ሐዲድ ላይ ጣሉት፤ የባቡሩ ነፋስ እንዴት እንደሚያዛምተው ለማየት። የተመረጠው አያሰጋም ተብሎ ነበር፤ ተሳፋሪውን ግን ማንም አልጠየቀውም። የዛሬዎቹ «ሕያው» ማጽጃዎችም በብዛት የሚሠሩት ከባሲለስ ወገን ነው። የዚህ ወገን ስፖር (ባክቴሪያው ክፉ ጊዜ የሚያልፍበት ጠንካራ፣ ዘር መሰል ቅርጽ) ደርቆ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ በተራ ጽዳትም በቀላሉ አይሞትም። እምቦጭን ያየ የጣና ዳር ሰው፣ ሕያው ነገር አንዴ ከተለቀቀ «መልሱልኝ» እንደማይባል አይጠፋውም።

ይሠራል ወይ? በ6 የጣሊያን ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት፣ ጽዳቱ ወደዚህ ዓይነት ማጽጃ ሲቀየር በሆስፒታል የሚያዝ ኢንፌክሽን ከ4.8 ወደ 2.3 በመቶ ወረደ ይላል። በርሊን ውስጥ ተሠርቶ በ2023 የወጣው ደግሞ በሳሙና፣ በፀረ ተሕዋስያንና በዚህ ማጽጃ መካከል ልዩነት አላገኘም። ሁለቱም ስለ ግድግዳ ሻጋታ አልጠየቁም፤ እየዳኸ እጁን የሚልስ ሕፃንም አላጠኑም።

ሻጩን ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁት፦ የባክቴሪያው ሙሉ ስም ማን ነው? ዘረመሉስ ተለውጧል? ከተለወጠ ነገሩ ከእርስዎና ከወላጆች ስምምነት በላይ ነው። በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አዋጁ ኋላ ተሻሽሏል እንጂ አልተሻረም። ስሙን መናገር ካልቻለ እኔ ብሆን አልገዛውም።

በኔ ግምት ግን ጄሪካኑ ጨርሶ አያስፈልግዎትም። ሻጋታ የሚኖረው በእርጥበት ነው። ነጠብጣቡ ከየት እንደሚጀምር ይመልከቱ። ከወለሉ ተነስቶ ወደ ላይ ከሆነ መሬቱ ውኃ እየሳበ ነው፤ ይህ በሐይቅ ዳር ቤቶች የተለመደ ነው። ከኮርኒሱ ጥግ ወደ ታች ከሆነ ቆርቆሮው ወይም አሸንዳው ያፈሳል። መሐል ላይ፣ ፍራሽ የተጠጋበት ቦታ ብቻ ከሆነ ደግሞ አየር አጥቷል ማለት ነው፤ ፍራሾቹን አንድ ክንድ ያህል ያርቋቸው። የሕፃናቱን ጨርቅ ክፍል ውስጥ አያስጡ (ክረምት ላይ ሌላ ቦታ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ በረንዳም ቢሆን ይሻላል)። ዝናቡ ሲያባራ መስኮት ይክፈቱ፤ የወባ አገር ነውና ወንፊት ይኑረው።

ሻጋታውን ልጆቹ በሌሉበት ቀን በሳሙናና በውኃ ፈትገው ያድርቁት። በረኪና ከተጠቀሙ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የተላቀቀ ልስን ካለ ተፍቆ ይነሳ።

ሌሊት የሚያስለው፣ ሲተነፍስ ደረቱ የሚያፏጭ ልጅ ካለ ግድግዳው እስኪደርቅ አይጠብቁ፤ ለወላጁ ዛሬውኑ ነግረው ይታይ። የጎድን አጥንቱ መሐል እየሰረጎደ የሚተነፍስ ከሆነ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።